‹‹እኔ የማውቀውን አታስተምርልኝ››

ለዚህ እትም ‹‹ለተለዋዋጩ ዓለም የሚበቃ ሥርዓተ ትምህርት›› በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲነገረኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ርእሱን ለፈተና ስንት ጊዜ አጥንቼዋለሁ! የሥርዓተ ትምህርትን አራት አካላት፣ ማለትም ዓላማን፣ ይዘትን፣ የማስተማር ዘዴንና ምዘናን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እንኳ በቅደም ተከተል እጠራቸዋለሁ። ብዕሬን ሳነሣ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የአንድ የመንዝ አባወራ ንግግር ጆሮዬ ላይ እየጮኸ አላስጽፍ ስላለኝ፣ ፍቺውን ለፈተና ትቼ የእሳቸውን ነገር ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያኔ የዲፕሎማ ተማሪ ነበርኩ። ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የዚያው የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ አገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ለማታውቁት ግን፣ መንዝ ደጋ ነው። ጧት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያማረ ገብስ በአንድ ሌሊት ውርጭ ተመትቶ ያድራል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ ገብሱ ሲከዳው ዓይኑን የሚጥለው በጉ ላይ ነው። በጉም ሥጋና ቆዳ ብቻ አይደለም። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባናና ዝተት ይሆናል። ብዙዎቻችን ያደግነው ባና ውስጥ ተጠቅልለን ነው።

ዓመቱ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ መዋል የጀመረበት ነበር። እንደምታውቁት በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ተከትሎ እርከኑ ተለውጦ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኗል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔ ስደርስ ግን መጽሐፉ ትምህርት ቤቱ ጋ አልደረሰም ነበር። አለማማጄ መምህር መጽሐፉን ስልካቸው ላይ ጭነው፣ ከስልኩ እያዩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይገለብጡታል፤ ተማሪው ደግሞ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል።

በዚያው ሰሞን፣ በጥር ወር፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተነገረ። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በሬዲዮ ሲሰማ፣ ወሬው የመሐል ሜዳ ገበያ ድረስ ገባ። የዚህን ወሬ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተሰጠኝ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ርእሱ መቶኛ፣ በተለይም ትርፍና ኪሳራ። የትምህርት ዕቅዴን ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አሳመርኩት። ምሳሌውን ከደብረ ብርሃን ይዤው ነው የሄድኩት፦ አንድ ነጋዴ ሶፋ በዚህን ያህል ገዝቶ በዚህን ያህል ቢሸጥ ትርፉ ስንት በመቶ ነው? ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የገባቸው መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና ‹‹ቲቸር፣ ሶፋ ምንድን ነው?›› አለኝ። ሁሉም በልጁ ሳቁበት። እኔ ግን ከሳቂዎቹ ውስጥ ስንቱ ሶፋ እንደሚያውቅ ዓይናቸውን አይቼ ተረዳሁ። ልጁ የተሻለው ለመጠየቅ በመድፈሩ ብቻ ነበር።

ሶፋውን አጠፋሁትና በቦታው ‹‹ባና›› ብዬ ጻፍኩ። ‹‹ነገ ከቤት ጠይቃችሁ ትመጣላችሁ›› አልኳቸው። ‹‹ጠጉሩ ስንት ያወጣል? ሸማኔው ስንት ይቀበላል? መፍተሉ ስንት ቀን ይፈጃል? ባናው ገበያ ወጥቶ ስንት ተሸጠ?›› በማግሥቱ ያ ዝምተኛ ክፍል ገበያ ሆነ። አንዱ ‹‹የኛ በዚህን ያህል ነው የተሸጠው›› ሲል፣ ሌላው ‹‹ውሸት ነው፣ እናትህ በስንት እንደሸጡት እናቴ አይታለች›› ይለዋል። ከብዙ ክርክር በኋላ አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ያመጣችውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ አሰፈርን፤ ደብተሯ ላይ በሥርዓት ጽፋው ስለመጣች ነው። ባናው የተሸጠው 1,200 ብር። የጠጉሩ ዋጋ 300 ብር። የሸማኔው 400 ብር። እናቷ ጠጉሩን አጽድታ ለመፍተል 40 ቀን ፈጅቶባታል፤ ከሌላው የቤት ሥራ ጋር ስለሆነ ቀኑን በግማሽ ቆጠርነውና 20 ሙሉ ቀን ሆነ።

የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው አሰሉት። ከ1,200 ላይ 700 ሲነሣ 500 ብር ይቀራል። ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 25 ብር። ‹‹በከተማው የቀን ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል?›› ብዬ ስጠይቅ ‹‹ትንሹ 100 ብር›› አሉኝ። ስለዚህ የእናቲቱ ድካም የተከፈለው ከቀን ሠራተኛ ዋጋ 25 በመቶው ነው። የዕለቱ ትምህርት ግቡን መታ ብዬ ጠመኔዬን ላስቀምጥ ስል፣ ያቺው ልጅ ከኋላ ተነሥታ ‹‹ታዲያ እማዬ ለምን ትፈትላለች?›› አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዕቅዴ ላይ ለማጠቃለያ የያዝኩት አምስት ደቂቃ ነው። ደግነቱ ደወል ተብሎ የተሰቀለው ብረት ተመታና አዳነኝ።

በማግሥቱ ጧት ገና ሰልፍ ሳይጀመር የልጅቷ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

‹‹የባናውን ሒሳብ ያስተማርከው አንተ ነህ?›› አሉኝ።

‹‹አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።››

‹‹የማን ልጅ ነህ?›› ነገርኳቸው። አባቴን ያውቋቸው ኖሯል፤ ይህም ቁጣቸውን ትንሽ አበረደው። ‹‹እንግዲያው ስማኝ ልጄ። ባና እኔ አውቃለሁ። እናቷም ታውቃለች። ልጄን ከበግ ጥበቃ አስቀርቼ፣ ደብተር ገዝቼ እዚህ የምልካት እኔ የማላውቀውን እንድታውቅ ነው። እኔ የማውቀውን አታስተምርልኝ።››

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ‹‹በሬዲዮ ከመቶ ሦስት አለፈ ይላሉ። ዘጠና ሰባቱስ የት ይግባ? ዞሮ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሲመጣ ደግሞ በግ መጠበቁን ንቆ፣ ማመልከቻ እንኳ መጻፍ ሳይችል ነው።›› ጥቂት ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ሒሳቡ ግን ልክ ነው?›› አሉኝ። ‹‹ልክ ነው ጋሼ፤ ልጅዎ ናት ያወጣችው›› አልኳቸው። ‹‹እንግዲያው ምን እናድርግ ትላለህ?››

ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ክፍል የገባሁት የተገረፈ ተማሪ ሆኜ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እኚህ ሰው ያነሡት ነገር እንዲሁ የአንድ ገበሬ ቁጣ እንዳልሆነ የተረዳሁት ኋላ የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ሳነብ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር አንሥቶ እያንዳንዱ ሥርዓተ ትምህርት ‹‹ለዘመኑ የሚሆን ሰው›› እየተባለ ነው የተቀረጸው። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትልቁን ቦታ የያዘው የውጭ አገር ቋንቋ ነበር፤ ዘመኑ የሚፈልገው ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር ሰው ነበርና። በደርግ ጊዜ ትምህርት ከምርት ጋር ይያያዝ ተባለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አደረገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባና፣ የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ተማሪው እርሳስ ሳያነሣ ‹‹በጣም ጥሩ!›› ብሎ ያልፍ እንደነበር ታላላቆቻችን እየሳቁ ይነግሩናል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን የ1964ቱ ነው። በንጉሡ ዘመን ‹‹ኤዱኬሽን ሴክተር ሪቪው›› የተባለ ትልቅ ጥናት ተደረገ። ጥናቱ የገጠሩ ልጅ በብዛት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ትምህርቱም ከአካባቢው ኑሮና ሥራ ጋር እንዲያያዝ የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ እኔ በባናው ያደረግሁት ማለት ነው። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች ‹‹የድሃውን ልጅ እዚያው እርሻው ላይ ሊያስቀሩት ነው፤ ከፍተኛው ትምህርት ለሀብታም ልጅ ሊሆን ነው›› ብለው አምርረው ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ዕቅዱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ያኔ በአዲስ አበባ የተነሣውን ጥያቄ የመንዙ አባት ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይተው፣ ያንን ታሪክ ሳያነቡ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው እኔ ላይ አነሡት።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ሶፋው ወይስ ባናው? ብዙ ጊዜ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ሶፋው ስሕተት የሆነው ከተማ ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹ የሚይዙት ነገር ስላልነበረው ነው። ባናውም ትክክል የሆነው የኛ ስለሆነ አይደለም፤ የሚይዙት ነገር ስለሰጣቸው ነው። የኔ ጥፋት ባናው ላይ መቆሜ ነበር። አባትየው ‹‹የማላውቀውን›› ሲሉ ባናውን መናቃቸው አልነበረም፤ ከባናው ወዲያ አድርስልኝ ማለታቸው ነበር። የልጅቷ ጥያቄ ደግሞ መንገዱን በግልጽ ያሳይ ነበር፤ እኔ ነኝ ደወል ሲመታ ያመለጥኩት።

እንደገና ባስተምረው እንዲህ አደርገው ነበር። ‹‹ታዲያ እማዬ ለምን ትፈትላለች?›› የሚለውን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ብዙ ነው፤ ለእናቲቱ በውርጭ ወር ሌላ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ስለሌለ፣ በእጇ እየፈተለች ልጅም እሳትም ስለምትጠብቅ። ይህ ኢኮኖሚክስ ነው። ከዚያ ‹‹የፋብሪካ ብርድ ልብስ ለምን ይረክሳል?›› እላለሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እኮ እዚሁ ደብረ ብርሃን አለ! እንዝርት በቀን ስንት ክንድ ክር ያወጣል? ማሽንስ? ልጆቹ እንዝርቱን ይዘው መጥተው ይለኩት። ይህ ሳይንስም ሒሳብም ነው። ከዚያ የባና ዋጋ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ስንት እንደሆነ በስልክ ጠይቀው ሠንጠረዥ ይሥሩ። ለማያውቁት ገዥ ስለ ባናው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይጻፉ። ያን ጊዜ አባትየው የማያውቁት ነገር ቤታቸው ይገባል፤ የገባውም በሚያውቁት በር ነው።

ጓሳንም ውሰዱት። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሜዳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ስለሆነ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ሳይቀር እየመጡ ያጠኑታል። ሜዳው እስከ ዛሬ የቆየው የአካባቢው ሰው ለብዙ ዘመን ሕግ አውጥቶ፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋና በቀጠሮ እየከፈተ ስለጠበቀው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን አስተዳደር ሲያስቀረው ሕዝቡ ቆይቶ በአዲስ መልክ መተዳደሪያ ደንብ አበጅቶለታል። ዓለም ዛሬ ‹‹የጋራ ሀብት አጠባበቅ›› እያለ የሚጨነቅበት ነገር ማለት ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ 10ኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ጓሳ ለኔ የቤት ክዳንና ገመድ ነበር። ደንቡ እንዴት ወጣ? ማን ዳኘ? የጣሰ ምን ተቀጣ? ብሎ አያቱን የጠየቀ ልጅ የዜግነት ትምህርቱን ጀምሯል፤ ከዚያ ወደ ሕገ መንግሥቱ መሻገር አይከብደውም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በልምምዴ ሁለተኛ ሳምንት ፈተና አወጣሁ፤ አሥር ጥያቄ፣ ሁሉም ምርጫ። ለማረም ስለሚቀል ነው። ያቺ የባናውን ሒሳብ በሥርዓት ጽፋ ያመጣች፣ እኔን መልስ ያሳጣች ልጅ ከአሥር አምስት አገኘች። አንድ ከጎኗ የሚቀመጥ፣ ቀመሩን በቃሉ የያዘ ልጅ ዘጠኝ አገኘ። የልጁን ጥረት አልነቅፍም። ግን ፈተናዬ ልጅቷን አላያትም። ቁጥር ከሰው ጠይቆ መሰብሰብ፣ መመዝገብ፣ አስልቶ ‹‹ለምን?›› ማለት በሀ፣ በለ፣ በሐ፣ በመ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በክፍል ውስጥ ‹‹ችግር ፈቺነት›› ብዬ የማጠናውን ነገር በዓይኔ አይቼው፣ ግማሽ ሰጥቼ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርት ሲባል መጀመሪያ የማየው ፈተናውን ነው። ልጅ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ዓላማው ላይ ምንም ያህል የሚያምር ቃል ብንጽፍ ፈተናው ካልተለወጠ ክፍሉ አይለወጥም።

ስለዚህ ነገር ስናወራ አንድ የመርሐ ቤቴ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ሌላ ነገር ጨመረልኝ። ‹‹አንተ ስለ ባና ታወራለህ፤ እኛ ጋ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወረድ ስትል ቆላ ነው። ማሽላው ሲያሸት ልጁ ሁሉ ወፍ ጥበቃ ይወጣል። ለኛ ልጅ ባና ከሶፋ አይሻልም›› አለኝ። እውነቱን ነው። መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ በበግ፣ አንዱ በማሽላ ነው የሚያድረው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ መጽሐፍ ማሳተም አይቻልም። ስለዚህ መጽሐፉ የማይጽፈውን የሚጨምር መምህሩ ነው፤ ያን መምህር የሚያሠለጥነው ደግሞ የኛ ኮሌጅ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቢሳካም ባይሳካም ቁልፉ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻውን የሚቆም ሰው እጅ ላይ ነው ያለው።

በዚህ ምክንያት ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር ባሳስብ ድፍረት አይሁንብኝ። አንደኛ፣ ለልምምድ ስንወጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳናስተምር ገበያውን፣ እርሻውንና ቤቱን እንድናይ ብንደረግ፤ የሰው ኑሮ ሳያውቁ ምሳሌ ማውጣት ሶፋ ያስመጣል። ሁለተኛ፣ የትምህርት ዕቅዳችን ላይ ‹‹ልጁ ከሚያውቀው ወዴት ነው የማደርሰው?›› የሚል አንድ መስመር ቢጨመር። ሦስተኛ፣ ለልምምዳችን ውጤት ሲሰጠን ያስተማርነው ብቻ ሳይሆን ያወጣነው ፈተናም ቢታይ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሶላር፣ ኮምፒውተር፣ ላቦራቶሪ አይሹም። እነዚህ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም፤ በጣም ያስፈልጋሉ። ግን እስኪመጡ ድረስ እንዝርት አለን።

ልምምዴን በጨረስኩበት ዓመት መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ‹‹ተለዋዋጭ ዓለም›› የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ስንሰማ የምናስበው ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነበር። ለኛ አገር ልጅ ግን መንገድ መዘጋትም፣ የበግ ዋጋ በወር ውስጥ መጨመርም፣ ደብተር ይዞ ቤት መቀመጥም የዓለም መለዋወጥ ነው። በዚህ መካከል ትምህርት ቤት ቢዘጋም እንኳ ከልጁ ጋር የሚቆይ ነገር ምንድን ነው ብዬ አስባለሁ። ቀመሩ ይረሳል። መጠየቅ፣ መመዝገብና ማስላት የለመደ እጅ ግን አይረሳም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው እናቴ ዘንድ ስደውል ስለዚያች ልጅ ጠየቅኋት። ትምህርቷን አልቀጠለችም። ‹‹አባቷ ግን ያለ እሷ ገበያ አይወጣም አሉ፤ ደብተር ይዛ ትከተለዋለች፤ ነጋዴዎቹ ይፈሯታል›› አለችኝ እናቴ እየሳቀች። እኔ ግን ሳቁ ሙሉ ለሙሉ አልመጣልኝም። ያ ደብተር ከገበያ ወዲያ ሊወስዳት ይገባ ነበር። አባቷ የጠየቁኝን አሁንም አልመለስኩላቸውም፤ ትምህርቴን ልቀጥል ወደዚህ ስመለስ ጥያቄያቸውን ይዤው ነው የመጣሁት። ከእናንተ መካከል የተሻለ መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ።

ቸር ይግጠመን።